ዘጠኙ አንዶች

ሐሙስ፣ ጥር 7 ቀን 2018

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ዛሬ ከ9ኛ ክፍል ስወጣ አንዲት ተማሪ ስልኳን ይዛ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ።»

ዘጠኝ አንዶች ደርድራ 111,111,111ን በራሱ አብዝታዋለች። ስልኩ 12345678987654320 ብሏታል። ቢሮ ገብተን ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሞከርነው። እሱ ደግሞ 12345678987654300 አለ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ።

«የቱን ልመን?» አለች።

«መጨረሻ ላይ ያለችውን አሃዝ ብቻ እያት» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ፊቷ በራ። «በ1 የሚያልቅ ቁጥር በ1 በሚያልቅ ሲበዛ በ1 ማለቅ አለበት። ሁለቱም ተሳስተዋል!»

ልክ ነች። ምክንያቱንም አስረዳኋት። ብዙ ፕሮግራሞች ቁጥር የሚያስቀምጡበት ቦታ ልክ አለው። ሙሉ ቁጥሮች አንድም ሳይዘለል የሚቀመጡት እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ ነው። ይህ 53 ሁለቶች ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ነው። የእኛ ከዚያ ይበልጣል። እዚያ አካባቢ ተጋማሽ ቁጥሮች ብቻ ናቸው ቦታ ያላቸው። በ1 የሚያልቀው ኢተጋማሽ ስለሆነ በ320 ወደሚያልቀው ጎረቤቱ ተጠጋ። የሠንጠረዡ ፕሮግራም ደግሞ 15 አሃዝ ይይዝና ቀሪውን በዜሮ ይሞላዋል።

ትክክለኛው መልስ 12,345,678,987,654,321 ነው። ከ1 እስከ 9 ይወጣል፣ ከ9 እስከ 1 ይወርዳል።

መንገዱን ሙሉ ይህን ቁጥር ሳስብ ሄድኩ። መልኩን አየነው፤ ውስጡን ግን አናውቀውም። ማን ያካፍለዋል? ከምን ተሠራ? በእጅ ልፈታው ወሰንኩ። እርሳስ፣ ወረቀትና ላጲስ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

መጀመሪያ ማባዛቱን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። የአከራዬን እናት ሽምብራ ለመንኩና ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ።

111,111,111ን በራሱ ማባዛት ማለት ዘጠኝ መደዳ አንዶች መጻፍ ነው። እያንዳንዱ መደዳ ከበላዩ ካለው አንድ ቦታ ወደ ግራ ይሸሻል። በየአንዱ ቦታ አንድ ሽምብራ አኖርኩ። ዘጠኙን መደዳ ስጨርስ ሽምብራዎቹን ወደ ታች ሰብስቤ በየዓምዱ ቆለልኳቸው። 17 ዓምድ ወጣ። የመጀመሪያው 1 ሽምብራ አለው፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 3። መሀል ላይ 9 ደረሰ። ከዚያ 8፣ 7፣ እያለ ወረደ።

እማማ ቡና እየቆሉ ነበር። ዘወር ብለው አዩኝ።

«ምን እየዘራህ ነው?»

«ቁጥር ነው እማማ። አንድን በአንድ እያበዛሁ ነው።»

ጠጋ ብለው ቁልሉን ተመለከቱት። «ተራራ ሠራህ እኮ። ጦሳን አስመሰልከው» አሉ። «አብሽር፣ ካነሰህ ከቁናው ጨምር።»

በእርግጥም ጦሳን ይመስላል። ጠቅላላ ሽምብራው 81 ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ። ስለዚህ የቁጥሩ አሃዞች ድምርም 81 ነው።

እማማ ጨምር ስላሉኝ ጨመርኩ። አሥር አንዶችን በአሥር አንዶች። አሁን 100 ሽምብራና 19 ዓምድ ሆነ። መሀሉ ላይ 10 ሽምብራ ተሰበሰበ። አሥር ደግሞ በአንድ አሃዝ አይጻፍም። ዜሮ ይጻፋል፣ አንድ ይያዛል። የተያዘው ወደ ግራ ሲሄድ 9 የነበረውን 10 አደረገው። እሱም ዜሮ ሆኖ አንዱን ወደ ግራ አሳለፈ። 8 የነበረው 9 ሆነ። ውጤቱ 1,234,567,900,987,654,321። በግራ በኩል 8 የለችም። ተራራው ተናደ።

ዘጠኝ የመጨረሻው ነው ማለት ነው። ከዘጠኝ አንዶች በላይ ይህ ውበት አይቆምም። ሽምብራዎቹን ለቅሜ መለስኩ። ቡናው አቦል ላይ ደርሶ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ከቤተ ክርስቲያን በፊት አንድ ሰዓት አገኘሁ።

ትልቁን ቁጥር ራሱን መቁረስ አያስፈልግም። የ111,111,111 ካሬ ስለሆነ 111,111,111ን ከፈታሁ ሁሉም ይፈታል። የአሃዞቹ ድምር 9 ስለሆነ በ9 ይካፈላል። አካፈልኩት፣ እንዲህ ሄደ።

11 ለ9፣ 1 ደርሶ 2 ይተርፋል። 21 ለ9፣ 2 ደርሶ 3። 31 ለ9፣ 3 ደርሶ 4። 41፣ 51፣ 61 እያለ በዚያው ይቀጥላል። 71 ለ9፣ 7 ደርሶ 8 ይተርፋል። ከዚያ 81 ይመጣል። 81 ለ9 ግን 8 አይደለም፤ ልክ 9 ነው፣ ምንም አይተርፍም። አለቀ።

መልሱ 12,345,679 ነው። 8 የለችበትም። ልጅ ሆኜ ይህን ቁጥር «8 የሌለው» ብለው ሲያሳዩኝ አስማት ይመስለኝ ነበር። በ63 ስታበዛው 777,777,777 ይሆናል። 8 የት እንደገባች ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬ አየኋት። ቀሪው በየደረጃው በአንድ እያደገ መጣ፤ 8 ላይ ሲደርስ 81ን ፈጠረ፤ 81 ደግሞ የዘጠኝ ዘጠኝ ስለሆነ ድርሻው በቀጥታ ወደ 9 ዘለለ። የ8 ተራ ሳይደርስ ሥራው አለቀ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ወረቀት አልነካሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

12,345,679። የአሃዞቹ ድምር 37። በ3 አይካፈልም ማለት ነው፤ ሦስቶቹ አልቀዋል።

በ37 ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። 999 ማለት 27 ጊዜ 37 ነው። ስለዚህ 1000 ለ37 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ይህ ማለት ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሦስት ሦስት አሃዝ ቆርጠህ መደመር ትችላለህ። ቀሪው አይለወጥም። 12 ሲደመር 345 ሲደመር 679፣ 1036። 1036 ደግሞ 28 ጊዜ 37። ይካፈላል!

የአሃዞቹ ድምር 37 ሆኖ ቁጥሩም በ37 መካፈሉ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ሕግ አይደለም። ደስ ግን ይላል።

ድርሻው 333,667 ነው። ይህን ቁጥር በ3 አበዛሁት። 1,001,001። ሦስት አንዶች፣ በመሀላቸው ሁለት ሁለት ዜሮ። ደጋግሜ አየሁት። ዘጠኙ አንዶች ማለት 111 ጊዜ 1,001,001 ነው። 111 ራሱ 3 ጊዜ 37። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የተሠራው።

እስካሁን 111,111,111 ማለት 3 ጊዜ 3 ጊዜ 37 ጊዜ 333,667 ነው። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። 333,667 ይከፈላል ወይስ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው? ተማሪዎቼ ፕራይም ነው የሚሉት።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ዛሬ የፕሮጀክቱ ልብ ላይ ደረስኩ።

577 በራሱ 332,929 ነው። 578 በራሱ 334,084። 333,667 በሁለቱ መሀል ነው። ስለዚህ አካፋይ ካለው፣ ትንሹ አካፋይ ከ577 አይበልጥም። እስከ 577 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 106 ናቸው። 106 ጊዜ ረጅም ማካፈል። የክረምት ዕረፍት ያስፈልገዋል።

ግን ቁጥሩ የመጣው ከዘጠኝ አንዶች ነው። የመጣበት ቤት ምልክት ይኖረዋል ብዬ አሰብኩ። ክፍል ውስጥ ከባቲ ገበያ ጀመርኩ።

«ባቲ ገበያ መቼ ነው?»

«ሰኞ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ከአንድ ሰኞ ተነስቼ የተወሰኑ ቀናት ቆጠርኩ። ስጨርስ እንደገና የባቲ ገበያ ላይ ቆምኩ። ስንት ቀን ቆጠርኩ?»

«7፣ ወይ 14፣ ወይ 21...» የ7 ብዜት። ዙሩ 7 ከሆነ፣ ተመልሶ እዚያው የሚያደርስ ቆጠራ ሁሉ የ7 ብዜት ነው። ይህን ከያዙ የቀረው ቀላል ነው።

አሁን በገበያ ቀን ፋንታ ቀሪ እንቁጠር። 1 ብለህ ጀምር፣ በ10 እያበዛህ በ37 አካፍል፣ ቀሪውን ብቻ ያዝ። 10፣ 26፣ 1። በሦስት እርምጃ ወደ 1 ተመለሰ። የ37 ዙር 3 ነው። በ7 ከሆነ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1። ዙሩ 6።

አንድ ብቸኛ ቁጥር 333,667ን ያካፍላል እንበል። ያ ቁጥር ዘጠኙን አንዶች ያካፍላል፤ ስለዚህ 999,999,999ንም ያካፍላል። ያ ማለት ዘጠኝ ጊዜ በ10 ስታበዛ ቀሪው 1 ላይ ትቆማለህ። ዘጠኝ እንግዲህ የዙሩ ብዜት ነው። ዙሩ 1፣ 3 ወይም 9 ብቻ ሊሆን ይችላል። ዙሩ 1 የሆነለት 3 ብቻ ነው። ዙሩ 3 የሆነለት 37 ብቻ ነው፤ 999 ከ3 እና ከ37 ሌላ ብቸኛ አካፋይ የለውምና። 333,667 ደግሞ በ3ም በ37ም ሲካፈል 1 ይተርፋል። ሁለቱም ወጡ። የቀረው ዙር 9 ነው።

እዚህ ላይ የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1640 ለሌላው የሒሳብ ሰው ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ ያሰፈረው ሕግ አለ። ለእኛ ጉዳይ ሲነገር እንዲህ ነው። ከ2 እና ከ5 ውጭ የትኛውንም ብቸኛ ቁጥር ውሰድ። ከእሱ በአንድ የሚያንስ ጊዜ በ10 ብታበዛ ሁልጊዜ 1 ላይ ትቆማለህ። በ7 ስድስት ጊዜ፣ በ37 ሠላሳ ስድስት ጊዜ። ስለዚህ ከብቸኛው ቁጥር ላይ 1 ስትቀንስ የዙሩ ብዜት ታገኛለህ። የእኛ ዙር 9 ነው። ብቸኛው ቁጥር ኢተጋማሽ ስለሆነ፣ 1 ሲቀነስለት ተጋማሽም ይሆናል። የ9ም የ2ም ብዜት፤ እንግዲህ የ18 ብዜት።

አካፋይ ካለ በ18 ተካፍሎ 1 የሚተርፈው መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ በሩ ተዘግቶበታል። ሰሌዳው ላይ ዘረዘርናቸው፦ 19፣ 37፣ 73፣ 109፣ 127፣ 163፣ 181፣ 199፣ 271፣ 307፣ 379፣ 397፣ 433፣ 487፣ 523፣ 541፣ 577።

አሥራ ሰባት ናቸው፣ ያለቀለትን 37 ጨምሮ። ከ106 ወደ 17! ክፍሉ ውስጥ የሆነ ልጅ አጨበጨበ። እኔም ማጨብጨብ ነበር የቃጣኝ።

የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለርም ይህን ዓይነት መንገድ ያውቅ ነበር። ፌርማ 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ያምን ነበር። ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 በ641 እንደሚካፈል አሳየ። የዚያ ቁጥር አካፋዮች በ64 ተካፍለው 1 የሚተርፋቸው ብቻ ናቸው። 641 ከእነሱ አንዱ ነው። ማሽን በሌለበት ዘመን እንዲህ ነው ጉልበት የሚቆጠበው።

ዓርብ፣ ጥር 15

ማታ ማካፈል ጀመርኩ። በ19 ቀሪ 8። በ73 ቀሪ 57። በ109 ቀሪ 18። በ127 ቀሪ 38።

163 ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ሻማ ለኩሼ ቀጠልኩ። 333 ለ163፣ 2 ደርሶ 7 ይተርፋል። 6 አወረድኩ፣ 76፤ አይደርስም፣ 0። ሌላ 6 አወረድኩ፣ 766፤ 4 ደረሰ፣ 114 ተረፈ። 7 አወረድኩ፣ 1147። ሰባት ጊዜ 163፣ 1147። ቀሪ ዜሮ!

ልቤ ዘለለ። 333,667 ማለት 163 ጊዜ 2047! ሻማው ሥር ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። አካፋዩን አገኘሁት ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን በደንብ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ነበረን። ሰሌዳው ላይ 163 ጊዜ 2047 ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ያቺ ባለስልኳ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ በ3 የሚያልቅ በ7 በሚያልቅ ሲበዛ በ1 ነው የሚያልቀው። የእኛ ቁጥር ግን በ7 ያልቃል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰሌዳውን አየሁት። ልክ ነች። ሰባት ጊዜ 163፣ 1141 ነው። ሻማው ሥር 21ን 27 አድርጌ ጽፌያለሁ። ቀሪው ዜሮ ሳይሆን 6 ነው።

ሐሙስ ዕለት ስልኩን የያዝነው በመጨረሻዋ አሃዝ ነበር። እኔንም የያዘችኝ በዚያችው ነው። በጣም ነው የኮራሁባት፣ ለክፍሉም ነገርኳቸው።

ከዚያ ስህተቱን በስንት መንገድ መያዝ ይቻል እንደነበር አብረን ፈለግን። አንዱ የ9 መፈተሻ ነው፤ የአሃዞችን ድምር አንድ አሃዝ እስኪቀር ስትደምር፣ የሁለቱ ተባዦች ብዜት ከውጤቱ ጋር መግጠም አለበት። የ2047 አሃዞች ድምር 13፣ ከዚያ 4። የ163 ድምር 10፣ ከዚያ 1። 4 ጊዜ 1፣ 4። የ333,667 ድምር 28፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። 4 እና 1 አይገጥሙም። ሁለተኛው የበለጠ ደስ ያሰኘኝ ነው። 2047 ማለት 23 ጊዜ 89 ነው። እውነት አካፋይ ቢሆን ኖሮ 23ም ቁጥራችንን ያካፍል ነበር። 23 ደግሞ በ18 ሲካፈል 5 ይተርፈዋል። የረቡዕ ሕጋችን እንዳይገባ ዘግቶበታል። አንድ መስመር ባስብ ኖሮ ሌሊቱን በሰላም እተኛ ነበር።

የቀሩትን ለተማሪዎች አከፋፈልኩ። እያንዳንዱን ሁለት ልጅ ለየብቻ እንዲሠራው፣ ውጤታቸው ካልገጠመ እንደገና እንዲያዩት። 181 ቀሪ 84። 199 ቀሪ 143። 271 ቀሪ 66። 307 ቀሪ 265። 379 ቀሪ 147። 397 ቀሪ 187። 433 ቀሪ 257። 487 ቀሪ 72። 523 ላይ ትንፋሻችንን ያዝን፤ ቀሪው 516 ነው፣ 7 ብቻ ጎደለው። 541 ቀሪ 411።

577ን ለራሴ አስቀረሁት።

እሑድ፣ ጥር 17

ጠዋት ጉም ነበር። ጦሳ አይታይም። እማማ ቡና አስቀርበው ጠሩኝ፤ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ።

333,667 ለ577። 578 ደርሶ 161 ይተርፋል። በእርሳስ ሠራሁት፣ በእስክሪብቶ ደገምኩት።

333,667 ብቸኛ ቁጥር ነው።

«ጨረስክ?» አሉኝ እማማ።

«ጨረስኩ እማማ። አይቆረስም።»

«እሰይ» አሉና በረካውን ቀዱልኝ።

እንግዲህ ትልቁ ቁጥራችን 12,345,678,987,654,321 የተሠራው ከአራት ሦስቶች፣ ከሁለት 37 እና ከሁለት 333,667 ነው። አካፋዮቹ 45 ናቸው። ከሦስቶቹ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ወይም 4 መውሰድ ይቻላል፤ አምስት ምርጫ። ከ37ቱ ሦስት፣ ከ333,667ቱ ሦስት። 5 ጊዜ 3 ጊዜ 3። 45 ኢተጋማሽ መሆኑ ትክክል ነው። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ 111,111,111 ግን ጥንዱ ራሱ ነው፣ ብቻውን ይቀራል። በአሃዞቹ ድምር በ81ም ይካፈላል፤ ድርሻው 152,415,789,971,041 ነው። ያም የ12,345,679 ካሬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። 1ን ለ333,667 አካፈልኩ። 0.000002997፣ ከዚያ እንደገና 000002997፣ እንደገና። ዘጠኝ አሃዝ እየሄደ ይመለሳል። ምክንያቱም 333,667 ጊዜ 2997፣ 999,999,999 ነው። የረቡዕ ዙር ይኸው፣ በአሃዝ ተጽፎ። ዙሩ ዘጠኝ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ደግሞ ከዚህ ሌላ የለም፤ 999,999,999ን ስንፈታ ከ3፣ ከ37 እና ከ333,667 ሌላ አላገኘንምና።

ሰኞ፣ ጥር 18

ለክፍሉ ውጤቱን ነገርኳቸው። ባለስልኳ ግን ቀድማኝ ሄዳለች። ደብተሯ ላይ አሥራ አንድ አንዶች ተደርድረዋል።

«11 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ዙሩ 1 ወይ 11 ነው» አለችኝ። «ድምሩ 11 ስለሆነ በ3 አይካፈልም። እንግዲህ ዙሩ 11 ነው። አካፋዩ በ22 ተካፍሎ 1 የሚተርፈው መሆን አለበት። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

«ይካፈላል ግን?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ አልነገርኳትም። ሥር ሥሩን 23፣ 67፣ 89፣ 199 ብላ ጽፋለች። ከ23 አጠገብ ቀሪ 10። ከ67 አጠገብ ቀሪ 18። ደወል ሲደወል 89 ላይ ነበረች።